«ባሕሩ ጨው የለውም»፦ የሐይቅ ዳር ሪቪው ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም አንባቢዎቻችንን አንድ ነገር ጠይቀን ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ የትኛውም አስጎብኚ የማይጠራው፣ ግን ቆሞ ሊታይ የሚገባው የውሃ ዳር ቦታ የቱ ነው? ጉግል ማፕ ወይም ትሪፕአድቫይዘር ላይ በቀልድ ሪቪው (የጎብኚ አስተያየት) ቢጻፍለትስ እንዴት ይጻፍ? መልስ ስንጠብቅ የመጣልን አብዛኛው ጥያቄ ሆነ። ጥቂቱን አሳጥረን እዚህ አቅርበናል። የጠያቂዎችን ስም ትተን ሰፈራቸውን ብቻ ጠቅሰናል።

ጥያቄ፦ አንድ የውጭ አገር ሰው «ባሕር ዳር ብለው አመጡኝ፤ ባሕር ግን የለም» ብሎ ለሐይቁ 2 ኮከብ ሰጠ። ከተማችንን መስደቡ ነው? ምን ብንመልስለት ይሻላል? (ከፋሲሎ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ስድብ አይደለም። የከተማው ስም ተተርጉሞለት «የባሕር ዳርቻ» የሚል አንብቦ መምጣቱ ነው። አማርኛችን ሰፊ ውሃን ሁሉ ባሕር ይላል፤ እሱ የለመደው ባሕር ደግሞ ጨው ያለው፣ ከውቅያኖስ ጋር የተገናኘ ነው። በዚህ መለኪያ ካየነው ልክ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከዳር ሆኖ ማዶውን ማየት አይቻልም፤ ባሕር የሚያስመስለውም ይኸው ነው። ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አያኮራም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ባለ 5 ፎቅ ሕንፃ ቢሰምጥበት ጣሪያው ብቅ ብሎ ይታያል።

እኛ ብንሆን የምንመልሰው እንዲህ ነው፦ «ልክ ብለዋል፣ ባሕሩ ጨው የለውም፤ ጨዋ ሰው ግን ሞልቶታል። ሌላ ጊዜ ሲመጡ ጨዉን ከዓሣው ጋር ለብቻ እናቀርባለን።» መጀመሪያ ሰውየው ልክ መሆኑን አመኑለት፤ ከዚያ ተጫወቱ፤ መጨረሻ ላይ ጋበዙት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ነገሩ ጠብ ይመስላል። አንድ ችግር አለ፦ ጨውና ጨዋ በማሽን ትርጉም አይተላለፉም። ስለዚህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው ባይገባም ብቻውን የሚያስቅ መሆን አለበት።

በነገራችን ላይ፣ ሪቪው ስትጽፉ «ለዋና ምርጥ» አትበሉ። ጣና ዳር፣ ሣር በበዛበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ፣ የቢልሃርዚያ ተውሳክን የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ አለ። በቀልድ የተጻፈ ሪቪውንም አምኖ ውሃ የሚገባ ሰው አይጠፋም።

ጥያቄ፦ የእኔ ምርጫ ዓሣ የሚበለትበት የሐይቅ ዳር ነው። ፔሊካንና አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ተሰልፈው የዓሣ አንጀት የሚጠብቁበት። ለጓደኞቼ ስነግራቸው በሳቅ ይሞታሉ፤ ጽፌ ሳሳያቸው ግን ማንም አልሳቀም። ጽሑፉን ልኬላችኋለሁ፣ ምኑ ላይ ነው የተበላሸው? (ከጣና ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ቦታው ግሩም ነው፤ የተበላሸው ጽሑፉ ነው። በላኩልን 6 መስመር ውስጥ «በጣም የሚገርም» 3 ጊዜ፣ «ሃሃሃ» 2 ጊዜ ተጽፏል። ዓሣ የሚል ቃል ግን አንድም ጊዜ የለም። ስታወሩት ያሳቃቸው የእጅዎና የፊትዎ ሁኔታ ነበር፤ እሱ ወረቀት ላይ አይወጣም። በቦታው መተካት ያለበት ዝርዝር ነገር ነው።

የዚህ ዓይነት ሪቪው የሚያስቀው ጸሐፊው ሳይስቅ ሲቀር ነው። ዋሸራና ጎንጅ ያሉ የቅኔ ተማሪዎች ይህን ከእኛ የተሻለ ያውቁታል፦ ሰሙን የሚናገረው ሰው ፊቱን ሰብሰብ አድርጎ ቁም ነገር እንደሚያወራ ሆኖ ነው፤ ወርቁን የሚያወጣው ሰሚው ነው። እርስዎም ስለ ዓሣ መበለቻው ስለ ባለ 5 ኮከብ ሆቴል እንደሚጽፍ ሰው ይጻፉ። ሆቴል የሚገመገምባቸው ነገሮች ይታወቃሉ፦ የመግቢያ ዋጋ፣ መስተንግዶ፣ ንጽሕና፣ ሰዓት ማክበር፣ ለልጆች ይመቻል ወይ፣ ጎረቤቱ ጸጥ ያለ ነው ወይ። እነዚህን አንድ በአንድ ወፎቹ ላይ ያስቀምጧቸው።

ከመጻፍዎ በፊት ግን ጠዋት ሄደው ግማሽ ሰዓት ይቁሙ፤ እስክሪብቶና ብጣሽ ወረቀት ይያዙ። ቆሮሶ እንዴት እንደሚበለት ይዩ። መጀመሪያ ቅርፊቱ ከጅራት ወደ ጭንቅላት ይፋቃል፤ ቅርፊቱ እስከ ሸሚዝ ኪስ ድረስ ስለሚረጭ ቆራጩ ሥር የቆመ ሰው ሲያብረቀርቅ ይመለሳል። ከዚያ ሆዱ ይከፈትና አንጀቱ ይወጣል። ቀጥሎ ቢላው ከጭንቅላቱ ሥር ገብቶ አከርካሪውን ተከትሎ እስከ ጅራት ይሄዳል፤ አንድ ጎን ፊሌቶ። ይገለበጥና ሁለተኛው። የቀረው ጭንቅላት፣ አጥንትና አንጀት ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ቆራጩ ወዴት እንደወረወረው ዞር ብሎ እንኳ አያይም፤ ማየትም አያስፈልገውም።

ወፎቹን ለያይተው ይመልከቱ። ፔሊካን ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር በላይ ነው፤ መንቁሩ ሥር ያለውን ከረጢት እንደ ዘንቢል ከፍቶ ይጠብቃል። አባ ኮዳ ራሰ በራ ነው። ጭንቅላቱን ጥንብ ውስጥ እየከተተ ስለሚበላ ላባ ቢኖረው እየተበከለ ያስቸግረው ነበር። እግሩ ነጭ ካልሲ ያጠለቀ የሚመስለው ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት የራሱን ኩስ እግሩ ላይ እየለቀቀ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ይህን የመሰለ ነገር እያለ «በጣም የሚገርም» ብሎ መጻፍ ያሳዝናል።

አሁን ይህን ያንብቡት፦

«4 ኮከብ። ጠዋት 1፡30 ደረስን፤ ፔሊካኖቹ ቀድመውናል። መግቢያ ነጻ፣ ቦታ ማስያዝ አያስፈልግም። ቁርስ የሚቀርበው በአየር ላይ ነው፤ መሬት የነካ አንድም አንጀት አላየንም። ፔሊካኖቹ ሰልፍ ያከብራሉ። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አያከብርም፤ ሲነግሩትም አይሰማም። አለባበሱ ከሩቅ ሲያዩት ሱፍ ነው፣ ስለ ካልሲው ግን ባንጠይቅ ይሻላል። ልጆች ወደዱት። ነጭ ጫማ አድርገው አይምጡ። አንድ ኮከብ የቀነስነው ስናወራ አባ ኮዳ በመሃላችን ስላለፈ ነው።»

ኮከቡ 4 የሆነው ታስቦበት ነው። 5 ከሰጡ ምክንያት የሚጠይቅዎ የለም፤ 1 ከሰጡ የተናደደ ሰው ይመስላሉ። 4 ሲሰጡ ግን አንባቢው «አንዷ የት ሄደች?» ይላል፤ ቀልዱ ያለው መልሱ ላይ ነው። ርዝመቱ ከ50 እስከ 80 ቃል ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ስልኩ ጽሑፉን ቆርጦ «ተጨማሪ» የሚለው ጋ ያስቀረዋል፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርም ሳይነበብ ይቀራል። ከሁሉም መሃል ቢያንስ አንድ በእርግጥ የሚጠቅም ምክር ይኑር። እኛ ጋ ነጭ ጫማው ነው።

የሚያበላሹት ነገሮችም አሉ። ዓሣ ቆራጮቹ ላይ መቀለድ አይሆንም፤ እንጀራቸው ነው። ቀልዱ ወፎቹ ላይና ጎብኚው ላይ ይሁን። ሳያስፈቅዱ የሰው ፊት የሚያሳይ ፎቶ አይለጥፉ። ያላዩትን አይጨምሩ፤ ጉግልም ቢሆን ሪቪው በእውነት ከነበሩበት ቦታ እንዲሆን ነው የሚጠይቀው። ቦታው ካርታው ላይ ከሌለ ደግሞ «የአባ ኮዳ ሬስቶራንት» ብለው አዲስ ምልክት እንዳይተክሉ። የሌለ ድርጅት መመዝገብ የተከለከለ ስለሆነ ይነሳል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ የተራበ ቤተሰብ በባጃጅ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሪቪው ሳነብ ግራ ይገባኛል። አንዱ «ሕይወቴን የቀየረ» ይላል፣ ሌላው «ቧንቧ ተከፍቶ የተረሳ ይመስላል» ይላል። ሁለቱም አንድ ቦታ ነው የሄዱት? የትኛውን ልመን? (ከጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ካለች ካፌ)

መልስ፦ ሁለቱንም። መጀመሪያ ማየት ያለብዎት የጉብኝቱን ወር ነው፤ ኮከቡን በኋላ።

ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ከ40 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ክረምቱ ጥሩ ሲሆንና ውሃ ሲለቀቅ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ግን ወደዚያ የሚሄደው ውሃ እንደ ድሮው በራሱ ፈቃድ አይሄድም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ ግድብ አለ። በ1988 ዓ.ም. በ2 በር ነው ሥራ የጀመረው፤ በ1993 ዓ.ም. 5 ተጨመሩለት። የሐይቁ ከፍታ በ1,784ና በ1,787 ሜትር መካከል እየተጠበቀ ውሃው በእነዚህ 7 በሮች ይመጠናል። ከበሮቹ ያለፈው ውሃም ሁሉ ገደሉ ላይ አይደርስም፤ ከፏፏቴው በላይ በቦይ ተጠልፎ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎችን አንቀሳቅሶ ከፏፏቴው በታች ወንዙን የሚቀላቀል አለ። የመጀመሪያው ማመንጫ የ1956 ዓ.ም. ነው፤ ሁለተኛው፣ 73 ሜጋ ዋቱ፣ በ1993 መጣ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ጣና በለስ ተመረቀ። እሱ ውሃውን ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚለቀው ያ ውሃ ባሕር ዳርንም ፏፏቴውንም ጨርሶ አያያቸውም።

እንግዲህ ሚያዝያና ግንቦት ላይ የሄደ ሰው የሚያየው በሰፊ ገደል ላይ የወረደች ቀጭን መስመር ነው። ነሐሴ ላይ ውሃው ብዙ ነው፤ አፈር ስለሚሸከም እንደ ሻይ በወተት ይደፈርሳል፣ መንገዱም ጭቃ ነው። ከበሮቹ በታች የሚገባው የአንዳሳ ወንዝም በክረምት ያግዛል። የእኛ ምርጫ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው፤ ሐይቁ ሞልቷል፣ ዝናቡ ቀንሷል። ያኔም ቢሆን ከመሄድ በፊት ጢስ ዓባይ ከተማ ያለ ሰው ደውሎ «ዛሬ ውሃው እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው እንጂ ያለፈው ሳምንት ፎቶ አይታመንም። በሮቹ በአንድ ቀን ሊቀያየሩ ይችላሉ።

ውሃ ባልነበረበት ቀን የሄደ ሰው 1 ኮከብ ለፏፏቴው ቢሰጥ አንፈርድበትም፤ ግን ለፏፏቴው አይደለም፣ ለቀኑ ነው የሰጠው። ወሩን መጻፍ አለበት። በቀልድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ራሱ ቀልዱን ይሰጣል፦ «ጢስ ዓባይ ሄድን፤ ጢሱም ዓባይም የሉም። ማታ ሆቴል ስንመለስ ዓባይ መብራት ሆኖ ጠበቀን። እሱም 3 ሰዓት ላይ ሄደ። 3 ኮከብ። የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአላታ ድልድይ ግን እዚያው አለ፤ የሚዘጋና የሚከፈት ነገር የለውም።» ይህን ያነበበ ሰው ስቆ ብቻ አይቀርም፤ ውሃው የት እንደሄደ ያውቃል፣ ባይኖርም የሚያየው ነገር እንዳለ ያውቃል። ካፌ ስላለዎት፣ ግድግዳዎ ላይ የነሐሴውንና የግንቦቱን ፎቶ ጎን ለጎን ይስቀሉ። የተናደደ ደንበኛ ቡናውን ሳይጨርስ ይረጋጋል።

ጥያቄ፦ እንግዳችን «ጀልባው በሰዓቱ አልነበረም» ብሎ ጻፈብን። 2 ሰዓት ብለነው በ8 ሰዓት መጣ! (ከጀልባ ማቆሚያ)

መልስ፦ እሱ በራሱ ሰዓት 2 ላይ ነው የደረሰው፤ በእኛ ከቀኑ 8። እናንተ ጠዋት ጠበቃችሁት። ቲኬቱ ላይ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብላችሁ ከጎኑ በእነሱ አቆጣጠር 8 መሆኑን ጻፉ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን የጸሐይ መውጫ ሥዕል ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳበትና ማዕበሉ ስለሚበረታ በ6 ሰዓት መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም። ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ነው። የምግብ ዝርዝራችሁ ላይ የኛ ዓመት ብቻ ከተጻፈ «ዋጋው የ8 ዓመት አሮጌ ነው፣ ሲከፈል ግን አዲስ» የሚል ሪቪው ይመጣል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው።

ጥያቄ፦ ጀልባ ነው የምነዳው። አንድ ደንበኛ «ጉማሬ ተብሎ ጆሮ አሳዩኝ» ብሎ 1 ኮከብ ሰጠኝ። ጉማሬውን እኔ አላሠለጠንኩት! ሪቪው እንዴት ይጠፋል? (ከደብረ ማርያም ማዶ)

መልስ፦ አይጠፋም። ጉግል የሚያነሳው ስድብ፣ ማስታወቂያ፣ ሐሰተኛ ወይም ከቦታው ጋር የማይገናኝ ጽሑፍ ሲሆን ነው፤ «አልተስማማሁበትም» ምክንያት አይሆንም። ሪፖርት እያደረጉ ከሚያመሹ መልስ ይጻፉ። ለዚህ መጀመሪያ ድርጅትዎን ጉግል ላይ በባለቤትነት አስመዝግበው ማረጋገጥ ይኖርብዎታል፤ ያለዚያ የመመለሻው ቁልፍ አይመጣልዎም።

መልሱን በዚያው ቀን አይጻፉት። አንድ ሌሊት ይደርበት። ሲጽፉ የሚያነብዎት ያ ደንበኛ ነው ብለው አያስቡ፤ እሱ ሄዷል። የሚያነበው ነገ ጀልባ የሚመርጠው ሰው ነው። 4 ወይም 5 ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦

«ጆሮውን ስላዩ ደስ ብሎናል። ጉማሬ ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው፤ ጆሮው፣ ዓይኑና አፍንጫው አናቱ ላይ ስለተሰለፉ ከላይ የሚተርፈው ያ ብቻ ነው። የቀረው 1 ቶን ተኩል ያህል ከሥር ነበር። ጠጋ ያላልነው ለእርስዎ ብለን ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቢመለሱ ጀርባውንም የማየት ዕድል አለ።»

ይህ ማስተባበያ አይመስልም፤ ግን ነው። ጉማሬ ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ቀን ይደበቃል፣ በየጥቂት ደቂቃው ለመተንፈስ ብቅ ይላል፣ ሲመሽ ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ። ደንበኛው ይህን ከመሳፈሩ በፊት ቢሰማ ኖሮ ጆሮዋን ሲያይ ያጨበጭብ ነበር። ስህተቱ ያለው ዳር ላይ «ጉማሬ መቶ በመቶ» እያለ የሚጠራው ደላላ ዘንድ ነው። ሰሌዳው ላይ «ጉማሬ ሊታይ ይችላል» ብለው ያስተካክሉት። «ሊታይ ይችላል» ያነበበ ሰው ባያይ ዕድሉን ይረግማል፤ «ይታያል» ያነበበ እርስዎን።

ሪቪውውን እንዲያነሳልዎ በቅናሽ አይደራደሩት፤ ክልክል ነው፣ ድርድሩንም ፎቶ አንስቶ ሊለጥፈው ይችላል። የከፋው ግን ይህን ሪቪው ያነበበ ጀልባ ነጂ በሚቀጥለው ቀን ደንበኛ ለማስደሰት ወደ መንጋው ሲጠጋ ነው። ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል። 5 ኮከብ የሚሰጥ ሰው ከውሃ መውጣት አለበት።

ጥያቄ፦ ክብራን ገብርኤል ድረስ በጀልባ ሄጄ «ሴት አትወርድም» ተባልኩ። ገንዘቤን ከፍዬ ጀልባ ላይ ተቀመጥኩ። ሪቪው ልጽፍ ነው፤ በቀልድ ይሁን ወይስ በቁጣ? (ከአዲስ አበባ የመጣች)

መልስ፦ እህታችን፣ ቁጣዎ ልክ ነው፤ አድራሻው ግን ገዳሙ አይደለም። ክብራን ገብርኤል ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ የወንዶች ገዳም ነው፣ ሥርዓቱም አዲስ አይደለም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው። ይህን ሳይነግርዎ ያሳፈረዎ ጀልባ ነው የሚወቀሰው። ክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴት ይገባበታል። ደብረ ማርያም፣ ዘጌ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ ደቅ ደሴት ላይ ያለው የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴም እንዲሁ።

ከመሳፈር በፊት ሦስት ነገር ይጠየቃል። የትኞቹ ገዳማት ላይ እንወርዳለን? ሁላችንም እንገባለን? የየገዳሙ መግቢያ ከጀልባው ዋጋ ጋር ነው ወይስ ለብቻው? አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ነው፤ በየገዳሙ ይከፈላል፣ ቪዲዮ ካሜራ ካለ ደግሞ ተጨማሪ አለው።

በቀልድ ከሆነ እንዲህ ቢሉት፦ «ባለቤቴ ወረደ፣ እኔ ጀልባ ላይ ቀረሁ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ያየውን በ4 ቃል ነገረኝ፦ ‹ጥሩ ነው፣ ሥዕል አለው።› 1 ኮከብ፣ ለባለቤቴ። ሴቶች ሆይ፣ እንጦስ ወይም ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሉ፤ የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል በራሳችሁ ዓይን ታያላችሁ።» መነኮሳቱን፣ ታቦቱን፣ ጸሎቱን አንድም ቦታ አልነካንም። ቃል በመመሳሰሉ ብቻ የታንኳ መሥሪያውን ደንገል ከድንግል ጋር ሊያጫውቱ የሚከጅላቸው አሉ፤ እዚያ ባይደርሱ ጥሩ ነው። አንባቢው አይስቅም፣ እርስዎም ሲያስተባብሉ ይከርማሉ።

ጥያቄ፦ የደንገል ታንኳ ላይ ቱሪስት አሳፍሬ «ጀልባው ያፈሳል» ተባልኩ። (ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ)

መልስ፦ ታንኳ አያፈስም፤ ማፍሰስ የሚችለው ውሃ እንዳይገባበት የተሠራ ነገር ነው። ደንገል ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ግንድ ነው። ታጭዶ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ እየታሰረ ሲነባበር የሚንሳፈፈው በራሱ አየር ነው። በእስሩና በእስሩ መሃል ውሃ ይገባል፣ ይወጣል፤ የተሳፋሪው ልብስ ከሥር መርጠቡ የታንኳው ባሕርይ ነው። ችግር የሚሆነው ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ነው። ለዚህ ነው ከየጉዞው በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ፣ ቆሞ የሚደርቀው፤ እንዲያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም።

እንግዳው ከመቀመጡ በፊት ደረቅ የደንገል እስር ከሥሩ ይደርድሩለት፣ ስልኩን በፌስታል ያስቋጥሩት፣ ከመሃል እንዳይነሳ ይንገሩት። ሪቪውው ላይ ደግሞ ይህን ይመልሱለት፦ «በ1961 ዓ.ም. የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል ከጣና በሄደ ደንገል የተሠራች ጀልባ ይዞ ከሞሮኮ ተነስቶ አትላንቲክን ሊሻገር ተቃርቦ ነበር። ካሪቢያን ከመድረሱ በፊት ተበተነችበት። እርስዎን ግን በደኅና መልሰናል።»

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ካፌ ከፍቷል። 4 ሪቪው አለው፤ ሦስቱ ባለ 5፣ አንዱ ባለ 1። ዘመድ ሰብስበን 20 ባለ 5 ብንጨምርለትስ? (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አይጨምሩለት። በአንድ ምሽት፣ በአንድ ዋይፋይ፣ ሌላ ሪቪው ጽፈው በማያውቁ 20 ስልኮች የመጣ ምስጋና ይታወቃል፤ ሲነሳ የቆዩትን እውነተኞቹንም ሊያጠራጥር ይችላል። ደግሞም 20 አያስፈልገውም። አሁን ያለው አማካይ 4.0 ነው። 4 እውነተኛ ባለ 5 ቢያገኝ 4.5 ይደርሳል፤ 16 ቢያገኝ 4.8። 4 ደንበኛ በአንድ የቡና ሥርዓት ይገኛል፤ ሲወጡ «ከተመቻችሁ ጻፉልን» ማለት ይቻላል፣ «5 ከሰጣችሁ ሁለተኛው ቡና ነጻ» ማለት ግን አይቻልም። ባለ 1ዱን ሪቪው አንብበነዋል፤ ስለ ስኒው ጠርዝ የጻፈው ልክ ከሆነ ስኒውን ይቀይር።

ጥያቄ፦ ምክራችሁን ሰምቼ ስለ አባ ኮዳ የራሴን ጻፍኩ። «አባ ኮዳ ሰልፍ ጥሰው የሰው ድርሻ በሉ» አልኩ። አጎቴ አንብበው «የትኛው ገዳም ናቸው?» ብለው ተቆጡኝ። (ከዘጌ)

መልስ፦ አጎትዎ አልተሳሳቱም። ዘጌ ሆኖ «አባ» ብሎ በአንቱታ የጻፈ ሰው ሌላ ምን ይጠብቃል? «ጥሰው» የሚለውን «ጥሶ»፣ «በሉ» የሚለውን «በላ» ያድርጉት፤ መጀመሪያ ላይም «አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ» ይበሉ። አጎትዎን ደግሞ አንድ ጠዋት ይዘዋቸው ይሂዱ። ነጭ ጫማ እንዳያደርጉ ብቻ።